ባትላሜራ ለቸገራችሁ፦ የአባይ ማዶው ጋሼ

ሰላም ለሁላችሁ፣ በተለይ ባሕር ዳር ላይ አሮጌ መኪና ይዛችሁ ባትላሜራ፣ ማለትም የመኪና አካል ጠጋኝ ፍለጋ ከጋራዥ ጋራዥ ለምትንከራተቱ።

ይህን ለመጻፍ ሆን ብዬ ቆየሁ። መጀመሪያ የተጠገነችውን መኪናዬን አንድ ደህና ዝናብ ይምታት ብዬ ነው። ትናንት ማታ እንደ ጉድ ወረደ። ዛሬ ጠዋት ጎንበስ ብዬ የሾፌሩን በር ሥር አየሁ። ውሃው በየት በኩል እንደወጣ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እንግዲህ አሁን ማመስገን ይቻላል።

መኪናዋ የአባቴ ቶዮታ ዲኤክስ ናት። ትምህርት ቤት ያመላለሰችኝ፣ ለሠርጌ አበባ የታሰረባት፣ አባቴ ሲያርፍ ደግሞ ለእኔ የቀረች። ሞተሯ ዛሬም አንደኛ ነው። በሮቿ ግን ከታች በኩል እንደ ብስኩት መፈርፈር ጀመሩ። አምና ቦሎ ከመድረሱ በፊት ላሳምራት ብዬ አንድ ቦታ ወሰድኳት። የት እንደሆነ አልናገርም። በሩን መታ መታ አደረጉና "ቀላል ነው" አሉኝ። ዝገቱን ምን እንደምታደርጉት ንገሩኝ ስል "ባለቤትሽን ላኪው፣ ለእሱ እናስረዳዋለን" ተባልኩ። ባለቤቴ መሪ እንኳ ይዞ አያውቅም።

በሦስት ቀን እያብረቀረቀች ወጣች። ክረምቱ ገባ። ነሐሴ ላይ ቀለሙ እንደ እንጀራ ዓይን ማውጣት ጀመረ። መስከረም ላይ በሩን ሳብ አድርጌ ስዘጋ መዳፌን የሚያህል ስቱኮ መሬት ላይ ዱብ አለ። ውፍረቱ የጣቴን ያህል ነው። ከሥሩ ብረት አለ ብላችሁ ነው? ጋዜጣ ነው ያለው። የምሬን ነው፣ የተጠቀጠቀ ጋዜጣ። ርዕሱ ሁሉ ይነበባል።

ከዚያ በኋላ ነው ባጃጅ የሚነዳ ጎረቤቴ "ለምን አባይ ማዶ አትሄጂም?" ያለኝ። በ2016 የተመረቀውን አዲሱን ድልድይ ተሻግሬ፣ ወደ ዘንዘልማ በሚወስደው መንገድ ትንሽ እንደሄድኩ ደረስኩ። ታፔላ የለውም። የቆርቆሮ ጥላ፣ አንድ ማንጎ ዛፍ፣ በግድግዳው ዙሪያ የተደረደሩ የሞቱ መኪኖች በሮች። ሽማግሌው ስልሳ ሳይደፍኑ አይቀሩም። ስማቸውንና ስልካቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ነግረውኛል፤ ስለዚህ ጋሼ እያልኩ ልቀጥል።

ጋሼ በሩን በእጃቸው መታ መታ አላደረጉም። ጠመንጃ መፍቻ አነሡና በበሩ የታች ጠርዝ ላይ በስሱ ጫን ጫን እያደረጉ ሄዱ። ሦስት ቦታ ላይ ጭልጥ ብሎ ገባ። ቀለም የተቀባ ወረቀት የሚወጉ ነበር የሚመስለው። ሳፍር በሌላ ማላከክ ልማዴ ነው፣ ጣና ላይ አላከክሁ። "የሐይቁ እርጥበት ነው መሰለኝ" አልኳቸው።

"ጣናን ለቀቅ አድርጊው እታለም" አሉኝ። "ጣና ጨው የለው፣ ምን አደረገሽ? እኔ በልጅነቴ አሰብ ሠርቻለሁ። ጨው ያለው አየር ብረት ሲበላ እዚያ ነው ያየሁት። ያንቺን የበላው ሌላ ነው፣ ቆይ አሳይሻለሁ።"

የበሩን የውስጥ ልባስ ፈቱ፣ መስታወቱን አወጡ፣ ከዚያ በሩን ከነማጠፊያው አውርደው አዘነበሉት። የወጣው ጭቃ አንድ ጣሳ ይሞላል። ቅጠል አለበት፣ የማስቲካ ወረቀት አለበት፣ እንዲሁም የእናቴ ሚዶ። እናቴ ያንን ሚዶ ስትፈልግ እኔ አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። ማታ ሳሳያት ዝም ብላ አየችውና "በሠራተኛዋ አመካኝቼ ነበር እኮ" አለች። ሌላ ነገር አልተናገረችም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። የመኪና በር ውሃ አያስገባም ብላችሁ የምታስቡ ካላችሁ እንደ እኔ ተሳስታችኋል። መስታወቱ በሚወርድበት ክፍተት ሁልጊዜ ውሃ ይገባል፤ የመስታወቱ ጠርዝ ጎማ ባረጀ ቁጥር ደግሞ ይብሳል። ፋብሪካውም ይህን ስለሚያውቅ ከበሩ ሥር ትንንሽ ቀዳዳዎች ይተዋል። ውሃው በዚያ ይወጣል። እኔ ዘንድ ግን ቀዳዳዎቹ ግማሹ በጭቃ ተደፍኗል፤ ግማሹን ደግሞ የአምናዎቹ ሰዎች በስቱኮ ሞልተው፣ አለስልሰው፣ ቀለም ቀብተውበታል! በሩ ክረምቱን ሙሉ ውሃ አቁሮ ከርሟል። እዚህ አገር ዝናቡ ሰኔ ገብቶ መስከረም ድረስ እንደማይለቅ ታውቃላችሁ። ከውስጥ የበሰበሰ ብረት ውጪው ቢያብረቀርቅ ምን ዋጋ አለው።

ቆረጣው ላይ ልቤ ሊቆም ነበር። በዓይን የሚታየው ቀዳዳ አውራ ጣት ቢያህል ነው። ጋሼ ግን በግራይንደር እያጸዱ ዝገቱን ተከተሉት። "ነጭ ብረት እስኪመጣ" ይላሉ። ሲጨርሱ የበሩ የታች ክፍል ከዳር እስከ ዳር ወደ አራት ጣት ቁመት ያህል ተቆርጦ ወድቋል። "ጋሼ፣ በሩ አለቀ እኮ!" አልኩ። "ድሮም የለም ነበር" አሉኝ።

በተቆረጠው ምትክ እንዲገባ ቤቴ የተረፈ አዲስ የጣሪያ ቆርቆሮ ይዤ ሄጄ ነበር፣ ወጪ ልቀንስ ብዬ። አልተቀበሉኝም። ቆርቆሮ ዚንክ የተለበጠ ነው። ሲበየድ ዚንኩ ብረቱ ሳይቀልጥ በፊት ይተንና ነጭ ጭስ ይሆናል፤ ያንን የማገ ሰው ማታውን እንደ ወባ ያንቀጠቅጠዋል። "ወተት ይጠጣበታል ይባላል አይደል?" ብላቸው ሳቁብኝ። "ወተቱ የሚወርደው ሆድ፣ ጭሱ የሚገባው ሳንባ። የት ይገናኛሉ?"

ራሳቸው 0.8 ሚሊ ሜትር ላሜራ አመጡ። መጀመሪያ ከካርቶን ልክ ቆረጡ፤ እንደ ልብስ ሰፊ እያስጠጉ፣ እያነሡ፣ በመቀስ እየከረከሙ። ካርቶኑ ልክክ ሲል ነው ላሜራው የተቆረጠው። ጠርዙን አንግል ብረት ላይ አጋድመው በመዶሻ ቀስ እያሉ አጠፉት። እዚህ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀባቸው። ቡና አፍልተው አጠጡኝ፣ እኔም አልሄድኩም።

ብየዳውን እንደ ልብስ ስፌት አንዱን ጫፍ ይዘው እስከ ሌላው ጫፍ የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ሽቦ በሚተፋውና ጋዝ በሚለቀው ማሽን፣ ሚግ በሚሉት፣ አንዲት ነጥብ እዚህ፣ አንዲት ነጥብ በዚያ ጫፍ፣ አንዲት መሐል ላይ። ጭር ይላል፣ ያቆማሉ። መነጽሩን ገፋ አድርገው ይጠብቃሉ። እጃቸውን ላሜራው ላይ አሳርፈው ካላቃጠላቸው ብቻ ቀጣዩን ነጥብ ይመታሉ። ለምን እንዲህ እንደሚያዘግሙ ጠየቅኳቸው። ስስ ላሜራ አንድ ቦታ ላይ ሙቀት ከበዛበት ፀሐይ ላይ እንደተሰጣ ቆዳ ይኮማተራል፤ አንዴ ከተኮማተረ ደግሞ ሲቀጠቅጡት መዋል ነው። ተራው የኤሌክትሮድ ብየዳማ ጭራሽ ይበሳዋል አሉ። ነጥቦቹ እየተጠጋጉ፣ እየተጠጋጉ መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ሆኑ። በግራይንደር በስሱ ሲላግ መጋጠሚያውን በጣቴ ፈልጌ አጣሁት።

አጠገባቸው ሁልጊዜ ባልዲ ውሃና እርጥብ ጨርቅ አለ። የመኪናዋን ባትሪም ገና ከመጀመራቸው በፊት ነው የፈቱት። የአምናዎቹ መስታወቱን እንኳ አልሸፈኑትም ነበር፤ የግራይንደሩ ፍንጣሪ ያሳረፈበት ጥቁር ነጠብጣብ እስካሁን አለ።

ስቱኮ አልተጠቀሙም አልልም። ተጠቅመዋል፤ ግን ዳቦ ላይ እንደሚቀባ ቅቤ ስስ አድርገው፣ ከፀረ ዝገቱ ቀለም በኋላ። ከሥር ያሉትን ቀዳዳዎች ከፈቱ። ቀለሙ ሲደርቅ በውስጥ በኩል ሰም የመሰለ ፀረ ዝገት ረጩበት። የቀሩትን ሦስት በሮችም በዚሁ መንገድ አየናቸው፤ አንዱ ብቻ መጠገን ፈለገ፣ ሁለቱ ጽዳት በቃቸው። ያልተበላሸውን በር "ይሄ ደህና ነው፣ ገንዘብሽን ያዢ" የሚል ባለሙያ ካገኘሁ ስንት ዘመኔ።

ሙያውን ከየት እንዳገኙት ስጠይቃቸው "ፖሊ አጠገብ ነው ያደግሁት" አሉኝ፤ ፖሊ ቴክኒኩን ማለታቸው ነው። ፖሊ ተምረው ነው ብዬ ደስ ሲለኝ "አጥሩን ነው የማውቀው፣ ግቢውን አልገባሁም" ብለው ተንከተከቱ።

እንከናቸውንም ልንገራችሁ፣ ኋላ እንዳትወቅሱኝ። አራት ቀን የተባለው ሥራ ዘጠኝ ቀን ፈጅቷል። ግማሹ የመብራት ጥፋት ነው፤ ግማሹ ግን የራሳቸው ነው። ስልክ አያነሡም። ዋጋቸው አምና ከከፈልኩት እጥፍ ነው። ቀለሙም ፀሐይ ላይ ልብ ብሎ ላየው ሰው ከቀድሞው ትንሽ ደመቅ ይላል። እሳቸውም "እኔ ባትላሜራ ነኝ፣ ቀለም የልጁ ሥራ ነው" ብለው ወደ ረዳታቸው ጠቆሙኝ። ልጁም ሥራ እየለመደ ነው፣ ይሁን።

ግን "ባለቤትሽን ላኪው" አላሉኝም። የቆረጡትን ዝገት ሁሉ በካርቶን አድርገው፣ "ለምን እንደከፈልሽ እይው" ብለው አስረከቡኝ። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፣ እድሜና ጤና ይስጥዎ። ልጅዎ ይህን እንደሚያነብልዎ ቃል ገብቶልኛል።

መሄድ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቦታውን አስረዳችኋለሁ። ከመሄዳችሁ በፊት መኪናውን እጠቡት፤ ጭቃ ያለው በር አያዩም። ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ዝግ ናቸው። ጋዜጣ የተጠቀጠቀበት በር ካላችሁ ደግሞ ጋዜጣውን እንዳታወጡት፤ ከማንጎው ሥር ተቀምጠው ማንበብ ይወዳሉ።