ጥሪ ለሚቆረጥባችሁ ሁሉ፦ ለጋሼና ለወጣቷ ባልደረባቸው የቀረበ ምስጋና

በፒያሳና በአራት ኪሎ መካከል ሱቅ፣ ክሊኒክና ቢሮ ይዘን የምንሠራ ሰዎች የስልክ ነገር ሲያስቸግረን የምናንኳኳው አንድ በር ነው። ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አንጋፋ የመስመር ሠራተኛ የቤት ስልኩን ይይዛሉ፤ አብራቸው የምትሠራው ወጣት ደግሞ ሞባይሉን። ሁለቱንም በአደባባይ እግዚአብሔር ይስጥልን ልንላቸው፣ ለሌላውም ልንጠቁማቸው ይህን ጽፈናል። የምናከብራቸው ከሁሉ በላይ በአንድ ነገር ነው፤ ሳይለኩ አይፈቱም። ችግሩ ከስልኩ ነው፣ ከሲሙ ነው፣ ከቤቱ ነው ወይስ ከኔትወርኩ የሚለውን ሳይለዩ ካቻቪቴ አያነሱም። ችግሩ በእነሱ እጅ የሚፈታ ካልሆነም «ይሄ የኛ ሥራ አይደለም» ብለው ወደሚመለከተው ይልካሉ። አሠራራቸውን በዝርዝር የምንጽፈው ግማሹን ማንም ሰው ቤቱ ሆኖ ሊሞክረው ስለሚችል ነው።

መጀመሪያ የሚጠይቁት «ተቆረጠ ስትል ምን ማለትህ ነው?» ብለው ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሰው «ተቆረጠ» የሚለው የተለያየ ነገር ነው። ጥሪው ጭራሹኑ ጠፍቶ ስልኩ ወደ መጀመሪያው ገጽ ከተመለሰ አንድ ነገር ነው። ጥሪው ሳይጠፋ ድምፁ እየተቆራረጠ ከመጣ ሌላ ነው። አንዱ ሲሰማ ሌላው ካልሰማ፣ ወይም ስልኩ ራሱ ድርግም ብሎ ከጠፋ ደግሞ መንስኤው ሌላ ቦታ ይፈለጋል። ሂሳብ ወይም የጥቅል ደቂቃ አልቆ የሚቋረጥም አለ፤ እሱን አስቀድሞ ማየት ከብዙ ልፋት ያድናል። ጉንጭ ስክሪኑን እየነካ ጥሪ የሚዘጋበት ሰውም ጥቂት አይደለም። ወፍራም ወይም ቦታውን ያልጠበቀ ግላስ ከስክሪኑ አናት ያለውን ሴንሰር ሲሸፍነው ስክሪኑ ጆሮ ላይ ሆኖም በርቶ ይቀራል። መሞከሪያው ይኸው፦ ጥሪ ላይ እያላችሁ እጃችሁን በስልኩ አናት ላይ አስጠጉ፤ ስክሪኑ ካልጨለመ ግላሱን አንሱና ድገሙት።

ቀጥሎ ለሦስት ቀን ማስታወሻ እንድትይዙ ይጠይቃሉ። ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ጥሪው በስንተኛው ደቂቃ እንደተቆረጠ፣ የደወላችሁለት ሞባይል ይሁን የቤት ስልክ፣ መብራት ይኑር ይጥፋ። አሰልቺ ሊመስል ይችላል፤ ግን ብዙውን ጊዜ መልሱ ከዚያው ይወጣል። ሁሌም አንድ ክፍል ውስጥ ከሆነ ጉዳዩ የቦታ ነው። በሄዳችሁበት ሁሉ ከሆነ የስልክ ወይም የሲም ነው። ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ከሆነ የዚያ ሰው ወገን ይመርመር። የሰፈሩ መብራት ሲጠፋ፣ ወይም ከጠፋ ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ከሆነ፣ የአካባቢው ታወር መጠባበቂያ ኃይል ማለቁን ጠርጥሩ፤ ያኔ ስልክ መፍታት ገንዘብ መጣል ነው።

ከዚያ ማቀያየር ይመጣል። የእናንተን ሲም በሌላ ጤነኛ ስልክ ላይ አድርጋችሁ እዚያው ቦታ አሥር ጊዜ፣ እያንዳንዱን ለሦስት ደቂቃ ያህል ደውሉ። ቀጥሎ የሌላ ሰው ሲም በእናንተ ስልክ ላይ አድርጋችሁ ይህንኑ ድገሙ። ችግሩ ሲሙን ተከትሎ ከሄደ ሲሙ፣ ከስልኩ ጋር ከቀረ ስልኩ ነው። ከትልቁ ሲም በመቀስ ተቆርጦ የተሠራ ሲም በተለይ ይጠረጠራል፤ መቀሱ ከወርቃማው ገጽ ጫፍ ነክቶት ከሆነ መነካካቱ አስተማማኝ አይሆንም። መታወቂያ ይዞ አገልግሎት ማዕከል ሄዶ በዚያው ቁጥር ሲሙን ማስቀየር ነው መፍትሔው። ሲሙ ላይ የተቀመጡ ስልክ ቁጥሮች ካሉ ግን አስቀድማችሁ ወደ ስልኩ ገልብጡ።

ወጣቷ በስክሪኑ አናት ያሉትን የሲግናል መስመሮች ብዛት አይታ አትፈርድም፤ መስመሮቹን እያንዳንዱ አምራች በራሱ መለኪያ ነው የሚያወጣው። በአንድሮይድ ሴቲንግ ውስጥ አባውት ፎን፣ ከዚያ ሲም ስታተስ ስትገቡ በዲቢኤም፣ ማለትም በሲግናል ጥንካሬ መለኪያ፣ የተጻፈ ቁጥር ታገኛላችሁ፤ የምታነበው እሱን ነው። ቁጥሩ ኔጌቲቭ ስለሆነ ትልቅ የሚመስለው ደካማው ነው። በ4ጂ ከ-80 እስከ -95 ጥሩ ነው፤ -105 አካባቢ መቸገር ይጀምራል፤ ከ-115 ካለፈ ጥሪ ቢወድቅ አይገርምም። በ2ጂና በ3ጂ እስከ -85 ድረስ የልብ ያደርሳል፤ -100 ሲያልፍ ግን እምነት አይጣልበትም። በየ3 ዲቢው የሚደርሰው ኃይል በግማሽ ይቀንሳል፤ በ10 ዲቢ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። አሁን በከተማው የበዛው የሚያንጸባርቅ መስታወት ብረት ነክ ቅብ ስላለው ብቻውን 20 ዲቢ ሊበላ ይችላል፤ ይህም ከመቶው አንዱ ብቻ ወደ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ኮንክሪትና ብረቱ፣ የቆርቆሮው ጣሪያ፣ የቆየው የፒያሳ ቤት ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ በየፊናቸው ድርሻ አላቸው። ሊፍት ውስጥ የተቆረጠ ጥሪ ግን ለምን ብሎ መጠየቅ አያስፈልገውም።

ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ጥሪ ከተቆረጠ የኔትወርክ ዓይነቱን ትቀይራለች። በ4ጂ ላይ የሚደረግ ጥሪ፣ ቮልቲኢ የሚባለው፣ ያልተከፈተበት ስልክ ሲደወል ወደ 3ጂ ወይም ወደ 2ጂ ይወርዳል፤ ከላይ ያለው ምልክት ሲቀየር ይታያል። መቆረጡ በዚያ መሸጋገሪያ ላይ ከሆነ ለአንድ ቀን ስልኩን 3ጂ ብቻ ላይ አድርጋ ታስሞክራለች። ቮልቲኢው ተከፍቶ ከሆነም ዘግታ ታያለች፤ አንድ በአንድ እንጂ ሁለቱን በአንዴ አትነካም። ከሜክሲኮ ወደ ስታዲየም በመኪና እየሄዱ አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ የሚቆረጥ ጥሪ ደግሞ ከታወር ወደ ታወር ሲተላለፍ የሚወድቅ ነው፤ ስልክ ጠጋኝ የሚያድነው አይደለም። 09 እና 07 በአንድ ስልክ ላይ የያዛችሁም ልብ በሉ፤ በአንዱ ስታወሩ ሌላው «ማግኘት አይቻልም» ቢል የብዙ ባለ ሁለት ሲም ስልኮች ጠባይ ነው፣ ብልሽት አይደለም።

ስክሪን ከተቀየረ በኋላ የመጣ ችግር ሲሆን የእጅ ሥራዋን ማየት ያስደስታል። በብዙ ስልክ ዋናው ቦርድ ከላይ፣ የቻርጅ ቦርዱ ከታች ሆኖ ዋናው አንቴና ከታች በኩል ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው እንደ ስንጥር የቀጠነ የአንቴና ኬብል ነው፤ ጫፉ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነች ክብ ወርቃማ ጫፍ አለች። ያቺ ጫፍ በደንብ ሳትገባ ክዳኑ ከተዘጋ ስልኩ ይሠራል፣ ይደውላል፣ ታወሩ ቅርብ ከሆነም ምንም አያሳይም፤ ደከም ያለ ቦታ ሲደርስ ግን ይጥላል። ወጣቷ በማጉያው ስር አጎንብሳ በፕላስቲክ እንጨቷ ጫፏን ቀጥ አድርጋ ትጫናለች፤ ጠቅ የምትል ድምፅ ትሰማለች። ጠቅ ካላለ አልገባም። ከዚያ ከክዳኑ ጋር የሚነካኩትን የስፕሪንግ እግሮች በ99 ፐርሰንት አይሶፕሮፒል አልኮል ታጸዳለች፣ የተጣመመውን ቀና ታደርጋለች። ክዳኑን ሳታጣብቅ እዚያው ጥግ፣ በዚያው ሲም ቁጥሩን ደግማ አንብባ ለባለቤቱ ታሳያለች። ፊትና ኋላውን በዓይናችሁ እያያችሁ ነው የምትከፍሉት።

ባትሪ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነው። ስልክ ሲግናል ሲደክምበት የማሰራጫ ኃይሉን ያሳድጋል፤ በ2ጂ ለቅጽበት እስከ 2 ዋት ይደርሳል፣ በ4ጂ ከፍተኛው 0.2 ዋት ገደማ ነው። ያረጀ ባትሪ በዚያች ቅጽበት የሚፈለገውን ከረንት መስጠት ስለሚያቅተው ቮልቴጁ ይወርድና ስልኩ 25 ፐርሰንት እያለው ይጠፋል። «ኔትወርክ ቆረጠብኝ» ከሚባለው አንዳንዱ ይህ ነው። ባትሪው ካበጠ አትጫኑት፣ አትውጉት፣ ቻርጅም አታድርጉት፤ እንዳለ ውሰዱላት።

ወደ ጋሼ ስንመጣ፣ የቤት ስልክ ላይ የሚጀምሩት መስመሩ ወደ ቤት ከሚገባበት ነጥብ ነው። ሁለተኛውን ስልክ፣ ፋክሱን፣ ሞደሙን፣ ሁሉንም ያስነቅሉና ጤነኛነቱ የታወቀ አንድ ባለ ገመድ ስልክ እዚያው መግቢያው ላይ ይሰካሉ። እዚያ ጥሩ ከሠራ ጥፋቱ ከቤት ውስጥ ነው፤ እዚያም ከተቆረጠ ከውጭ ነው። በዚህች አንዲት ሙከራ ስንት ግድግዳ ከመቦርቦር እንደተረፈ መናገር ይከብዳል።

ከዚያ ቴስተራቸውን ያወጣሉ። ስልኩ ተዘግቶ እያለ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል 48 ቮልት ገደማ ዲሲ መኖር አለበት፤ ሲነሳ ወደ 6 ወይም 10 ቮልት ይወርዳል፣ የሚያልፈውም ከረንት ከ20 እስከ 40 ሚሊ አምፔር ይሆናል። ስልኩ ሳይነሳ 48ቱ ወደ 30 ወይም ከዚያ በታች ከወረደ መስመሩ እያፈሰሰ ነው። ከረንቱ ከ20 በታች ከሆነ ደግሞ የሆነ ቦታ ላይ የዛገ ወይም የላላ መገጣጠሚያ አለ፤ የስልክ ማዞሪያ ማዕከሉ ስልኩ የተዘጋ መስሎት ጥሪውን ሊያቋርጠው ይችላል። ስልክ ሲጠራ መስመሩ ላይ ከ75 እስከ 90 ቮልት ኤሲ ስለሚኖር ባዶ ሽቦ በእጅ አይያዝ።

ምልክቱን ሲሰሙ ብቻ የሚያውቁትም አለ። አንዴ ጠርቶ ዝም የሚል ስልክ ብዙውን ጊዜ እርጥበት የገባበት ነው፤ ማዕከሉ በእርጥበቱ የሚያልፈውን ከረንት ስልኩ እንደተነሳ አድርጎ ይቆጥረዋል። ነፋስ ሲነፍስ የሚንጫጫ ከሆነ የአየር ላይ ሽቦ ላልቷል። ዝቅ ያለ እንደ ንብ የሚያዜም ድምፅ ካለ ከሁለቱ ሽቦ አንዱ መሬት ነክቷል፣ ወይም መስመሩ ከመብራት ገመድ ጋር ተጠግቶ ሄዷል። ከሰኔ ጀምሮ አስቸግሮ የመስከረም ፀሐይ ሲወጣ በራሱ የሚድን መስመር አልዳነም፤ ደርቆ ነው፣ ክረምት ሲመለስ እሱም ይመለሳል።

ግድግዳው ላይ ያለችውን ትንሽ ሳጥን ሲከፍቱ የሚያገኙት ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ በእጅ ተጠማዝዞ በናስትሮ የተጠቀለለ ሽቦ፣ ናስትሮው ሲላጥ አረንጓዴ የሆነ መዳብ። አይፍቁትም። ቀዩ ንጹሕ መዳብ እስኪታይ ድረስ ወደ ኋላ ይቆርጡታል፤ ከዚያ ሁለቱን ጫፍ ውስጧ ጄል ባለው ማገናኛ ውስጥ እስከ መጨረሻው አስገብተው በፒንሳ ይጨምቃሉ። ጄሉ ውኃና አየር እንዳይደርስበት ይዘጋዋል። ገመዱን ወደ ሳጥኑ የሚያስገቡት ከታች ነው፤ ከመግባቱ በፊትም ወደ ታች ጎበጥ ያደርጉታል፣ ዝናቡ ከጉብጠቱ ላይ ተንጠባጥቦ እንዲቀር። በዚያች ጉብጠት ነው ሙያቸውን የምንለካው። በኮሪደር ልማቱ ብዙ የአየር መስመር መሬት ውስጥ ስለገባ ከግድግዳ ላይ የቀረ አሮጌ ቁራጭ መስመር ካለም ፈልገው ከሚሠራው ይነጥሉታል።

በዚያው መስመር ኢንተርኔት ካላችሁ ስልክ በተሰካበት ሁሉ ድምፁን ከኢንተርኔቱ የሚለይ ፊልተር መኖር አለበት። ድምፅ የሚሄደው ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ፣ ኢንተርኔቱ ከ25 ኪሎ ኸርዝ በላይ ነው፤ ፊልተር ከሌለ ስልኩ ይንሾካሾካል፣ ሲጠራም ኢንተርኔቱ ይወድቃል። የሪሲቨሩን ጥቅል ገመድ እያወራችሁ ወዝወዝ አድርጉት፤ ድምፁ ከሄደና ከመጣ ገመዱ ብቻ ይቀየር። ኮርድለስ ከሆነ ባትሪው ተመሳሳይ ዓይነት በሆነ ቻርጅ በሚደረግ ባትሪ ይተካ፤ ተራ ደረቅ ባትሪ መቀመጫው ላይ አድርጎ ቻርጅ ማድረግ አደጋ አለው። ፋይበር የገባላችሁ ደግሞ ስልኩ የሚሰካው ቤት ውስጥ ባለው የፋይበር መቀበያ ሳጥን ላይ ነው፤ መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር ሳጥኑ ተነስቶ እስኪጀምር ጥሪው ይሞታል። ሳጥኑ በ12 ቮልት የሚሠራ ከሆነ አነስተኛ ባለ 12 ቮልት መጠባበቂያ ባትሪ ይበቃዋል። ቀጭኑን የፋይበር ገመድ ከ3 ሳንቲ ሜትር ባነሰ ራዲየስ አታጥፉት።

የሲግናል ማጉያ ግዙልን ብላችሁ ብትጠይቋቸው እምቢ ይላሉ፤ በዚህም እናመሰግናቸዋለን። ያልተፈቀደ ማጉያ (ቡስተር) ወደ ታወሩ ሁካታ እየላከ የሰፈሩን ሁሉ ጥሪ ያበላሻል፤ የመገናኛ መሣሪያ ተስማሚነት የሚያረጋግጠው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የምሰሶውን ሳጥንም ጋሼ አይነኩም፤ የኢትዮ ቴሌኮም ነው። በዚህ ፈንታ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ይሰጣሉ። ቦታው፣ ሰዓቱ፣ የተለካው ዲቢኤም ወይም ቮልት፣ የኔትወርኩ ዓይነት፣ የተደረጉት ሙከራዎች ይጻፉባታል። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ 994፣ የሳፋሪኮም ደንበኛ 700 ደውሎ ያንን ወረቀት ሲያነብላቸው «ስልክዎን አጥፍተው ያብሩ» ከሚለው መልስ አልፎ ይሄዳል። የአቤቱታ ቁጥር ተቀብላችሁ እዚያው ወረቀት ላይ ጻፉ።

ዋጋቸውን ከመፍታታቸው በፊት ይናገራሉ፤ የተቀየረውን አሮጌ ዕቃም ይመልሱላችኋል። አድራሻቸውን በውስጥ መስመር ለሚጠይቀን እንልካለን። ሞባይል ይዛችሁ ስትሄዱ የሦስት ቀኑን ማስታወሻ ያዙ፣ በስልኩ ያለውንም ነገር አስቀድማችሁ ባክአፕ አድርጉ። ጋሼን ለቤት ስልክ የምትጠሩ ጠዋት ጥሩ፤ መስመሩ የሚገባበትን ግድግዳ ዕቃ ካለበት አንሱላቸው፣ መሰላልም አዘጋጁ።