«የአድዋ ሽጉጥ» እየተባለ ደሴ ዙሪያ የሚዞረውን እንዳትገዙ

ይህ ጽሁፍ ደሴ፣ ኮምቦልቻና ሐይቅ አካባቢ ላላችሁ፣ ይልቁንም ከውጭ ለእረፍት ለምትመጡ ወሎዬዎች ነው። «ከአድዋ የተማረከ»፣ «ከንጉሥ ሚካኤል ግምጃ ቤት የወጣ»፣ «የመቅደላ» እያሉ ትልልቅ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ የሚያዞሩ ደላሎች አሉ። ፎቶው በቴሌግራም ይመጣል፤ ሽጉጡ ቀይ ከፋይ ላይ ተጋድሞ፣ አጠገቡ አሮጌ ዝናርና የማርያ ቴሬዛ ብር ተደርድሮ። ገንዘብ እንዳትልኩ። ቀብድም እንዳትሰጡ። «ልየው ብቻ» ብላችሁም እንዳትሄዱ። ነገሩ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

መሣሪያ ጠልቼ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ በኖርኩባቸው ዓመታት ቅዳሜ ጠዋት ተኩስ መለማመጃ መሄድ ልማዴ ነበር። ትልቅ ካሊበር (አፈ ሰፊ) ሪቮልቨር፣ ማለትም ባለ ከበሮ ሽጉጥ፣ የሚወድ ሰው ድምፁን ብቻ አይደለም የሚወደው። ጥይት የሚጎርሰው ከበሮ ሲዞር ጠቅ የምትለዋ፣ መዶሻው በአውራ ጣት ወደ ኋላ ሲሳብ የሚሰማው ክብደት፣ ወረቀቱ ላይ ያለችውን ጥቁር ክብ ለማግኘት ትንፋሽ መቆጠብ... ሌላው ሽጉጥ ይሄን አይሰጥም። እዚያ አገር ፈቃድ አውጥተው አርባ አራት ማግነም የሚባል ኃይለኛ ጥይት በሚጎርስ ሪቮልቨር አጋዘን የሚያድኑ አሉ፤ በጣም ተጠግቶ መተኮስ ስለሚጠይቅ ከጠመንጃ አደን ይከብዳል ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው። ሰብሳቢዎቹ ደግሞ ሌላ ዓለም ናቸው። ኮልት ወይም ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የሚባሉት ፋብሪካዎች ለሠሩት አንድ አሮጌ ሽጉጥ በመለያ ቁጥሩ ከፋብሪካው መዝገብ ደብዳቤ ያስወጡለታል፤ መቼ ከፋብሪካ እንደወጣና ለየትኛው ነጋዴ እንደተላከ የሚገልጽ። «የእገሌ ጄኔራል ነበር» የሚል ወሬ ያለ ወረቀት እዚያ ዋጋ አይጨምርም። እዚህ እኛ የምንሸጠው ወሬውን ብቻ ሆኗል።

የአክስቴ ልጅ ክረምት ላይ ከሚኒሶታ መጣ። አንድ ደላላ «የጣሊያን ጄኔራል ሽጉጥ፣ አያታቸው አድዋ ላይ የማረኩት» ብሎ ሸዋ በር አካባቢ አንድ ቤት ይዞት ሄደ። ማታ ነው፣ አምፖሉ ደብዛዛ ነው። ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። «ልጄ፣ ቸግሮኝ ነው እንጂ የአባቴን አደራ አልሸጥም ነበር» ይላሉ፣ እንባ እየተናነቃቸው። ቡና ተፈልቷል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ሽማግሌው ይመርቃሉ። ወሎ ውስጥ የሰው ቤት ቡና ጠጥቶ፣ ምርቃት ተቀብሎ፣ «አባባ፣ ይሄ ነገር እውነት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ማን ነው? ደላላው ይህን አሳምሮ ያውቃል። የአክስቴ ልጅ ከበረካው በፊት ሰማንያ ሺህ ብር ቀብድ በስልኩ ላከ።

ቀሪው በርክክቡ ቀን ነበር። ያን ቀን ሽጉጡ ገና ከጨርቁ እንደወጣ በሩ ተደበደበ፤ «ፖሊስ ነን!»። ከገቡት አንዱ የደንብ ልብስ የሚመስል ጃኬት ለብሷል፣ መታወቂያ ግን አላሳየም፣ የጠየቀውም የለም። ደላላው በጓሮ ፈረጠጠ። ሽማግሌው ዱዓቸውን ጀመሩ። የአክስቴ ልጅ የያዘውን ብር አስረክቦ «ፓስፖርትህን አይተን ምረንሃል፣ ቶሎ ሂድ» ተባለ። በማግስቱ ቤቱ ተዘግቷል፣ የደላላው ስልክ አይሠራም፣ ሰፈርተኛውም ሽማግሌውን አያውቃቸውም።

ታዲያ ለማን ይክሰስ? «ያለ ፈቃድ ሽጉጥ ልገዛ ስል ተዘረፍኩ» ብሎ ጣቢያ የሚገባ ማን ነው? የወጥመዱ ብልሃት እዚህ ላይ ነው። ግዢው ራሱ ሕገወጥ ስለሆነ የተጭበረበረው ሰው አፉን ይዘጋል፤ አፉን ስለዘጋም ያው ሽጉጥ ለሚቀጥለው ሰው ይቀርባል።

የአክስቴ ልጅ ፎቶዎቹን ያሳየኝ ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። ሽጉጡ ቦዴዮ የሚባለው የጣሊያን ሪቮልቨር ነው፤ 10.35 ሚሊ ሜትር፣ ስድስት ጎራሽ። የጣሊያን ጦር በ1889 በፈረንጅ አቆጣጠር ስለተቀበለው «ሞዴል 1889» ይባላል። ደላላው ይቺን ቁጥር ነበር እንደ ማስረጃ ያቀረበው፤ «ራስህ ኢንተርኔት ላይ ፈልግ፣ 1889 ይላል፣ አድዋ 1888፣ ገጠመ!»። አልገጠመም። የፈረንጁ 1889 በእኛ 1881 እና 1882 ነው። ደግሞም የሞዴል ስም ነው እንጂ እያንዳንዱ ሽጉጥ የተሠራበት ዓመት አይደለም፤ ያው «ሞዴል 1889» የተባለው ቦዴዮ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሲመረት ኖሯል።

ብረቱ ሌላም ይናገራል። በርሜሉ ስምንት ማዕዘን ነው፣ ምላጩ ታጣፊ ነው፣ ምላጩን የሚከበው ቀለበት የለም። ይህ ዓይነቱ ለተራ ወታደር የተሠራው ነው። የመኮንኖቹ ክብ በርሜልና የምላጭ ቀለበት ነበረው። ጄኔራል የተባለው ሰውዬ እንግዲህ የተራ ወታደር ሽጉጥ ታጥቆ ዘምቷል ማለት ነው። አካሉ ላይ ደግሞ ፎቶውን ሳጎላው 1917 የምትል ቁጥር ተመትታለች። አድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ነው፣ በፈረንጅ 1896። ከጦርነቱ ሃያ አንድ ዓመት በኋላ የተሠራ ሽጉጥ ምርኮ ሊሆን አይችልም። በሌላው ጎኑ በግዕዝ ቁጥር ፲፰፻፹፰ ተቀርጾበታል፣ ከጎኑም አንበሳ ነገር አለ፤ አንበሳው ድመት ይመስላል። የጭረቱ ውስጥ ነጭ ሆኖ ያበራል፣ ዝገቱንም ሰንጥቆ አልፏል። በዘመኑ የተመታ ምልክት ከብረቱ ጋር አብሮ ያረጃል፤ ዝገት ላይ የተቀረጸ ነገር ከዝገቱ በኋላ የመጣ ነው።

ታዲያ ቦዴዮ ወሎ ውስጥ ምን ይሠራል? የሚገርም ነገር የለውም። ጣሊያን በሚያዝያ 1928 ደሴ ገብቶ እስከ ሚያዝያ 1933 ተቀምጧል፣ ይሄ ሽጉጥም እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ከጦሩ ወገብ አልወረደም። ብረቱ እውነተኛ ይሆናል፣ ታሪኩ ነው የተሰፋለት። የሚከፈለው ደግሞ ለታሪኩ ነው።

«አንቶኔሊ ውጫሌ ላይ ለምኒልክ ያበረከተው» የተባለ ቦዴዮም ሰምቻለሁ። የጣሊያኑ መልእክተኛ አንቶኔሊና ምኒልክ የውጫሌን ውል የተፈራረሙት ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ነው፣ በፈረንጅ ግንቦት 1889። ሽጉጡ በዚያው ዓመት ለራሱ ለጣሊያን ጦር ገና መመረጡ ነበር። ውጫሌ የእኛው አገር ስለሆነች ስሟ ሲጠራ ልባችን ይሸፍታል፣ ደላላውም የሚፈልገው ይሄንኑ ነው።

የመቅደላው ግን ያስቀኛል። አንድ ሰው ዌብሊ የሚባል የእንግሊዝ ሪቮልቨር አሳይቶኝ «አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን የሰዉበት» አለኝ፣ ፊቱ ሳይቀላ። ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ያረፉት ሚያዝያ 6 ቀን 1860፣ በፈረንጅ 1868 ነው፤ የጠጡባት ሽጉጥም ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የላከችላቸው ናት። የእንግሊዝ ጦር የመጀመሪያውን ዌብሊ፣ ማርክ አንድ የሚባለውን፣ የተቀበለው በ1887 በፈረንጅ ነው። ሰውዬው የያዘው ላይ ደግሞ በሮማ ቁጥር ስድስት ተመትቶበታል፤ ማርክ ስድስት በ1915 የወጣ ነው። ጥይቱ 11.5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ከወገቡ ተሰብሮ የሚከፈት፣ ግሩም ሽጉጥ ነው። በ1933 ከእንግሊዝ ጦር ጋር የገባ ቢሆን አይደንቀኝም። ለመቅደላ ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ዘግይቷል።

ብረቱን ማየት የማይቀርላችሁ ከሆነ፣ ማለትም ቤተሰብ ውስጥ ያለ ውርስ ካለና እውነቱን ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ መጀመሪያ መለያ ቁጥሮቹን ተመልከቱ። በብዙዎቹ አሮጌ ሪቮልቨሮች አካሉ፣ በርሜሉና ከበሮው ላይ ቁጥር ይመታል። ካልተመሳሰለ ከሁለት ከሦስት ሽጉጥ ተለቃቅሞ የተገጣጠመ ነው። እጀታው አዲስ የወይራ እንጨት ሆኖ ብረቱ በዝገት ከተበላ አንደኛው ይዋሻል። በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ እንደ መስተዋት የሚያበራ ደግሞ የሰብሳቢነት ዋጋው አብሮ ተፍቋል፤ ሰብሳቢ የሚከፍለው ለመጀመሪያው ቀለም ነው፣ ቢደበዝዝም።

ሌላው የጉድ ዓይነት «አዲስ አርባ አራት ማግነም፣ ለዒላማም ለአደንም» እየተባለ የሚመጣው ነው። ማግነሙ በ1955 በፈረንጅ ከስሚዝ ኤንድ ዌሰን ጋር የወጣ ኃይለኛ ጥይት ነው። ግፊቱ በአሜሪካው መለኪያ በካሬ ኢንች እስከ 36,000 ፓውንድ ይደርሳል፤ የድሮው አርባ አምስት ኮልት ጥይት 14,000 ነው። ይህን የሚችል ብረት ሌላ ነው። እየቀረበልን ያለው ግን ብዙ ጊዜ ድምፅ ብቻ እንዲያሰማ የተሠራ፣ አካሉ ከዚንክ ቅይጥ የፈሰሰ መጫወቻ ነው። ማግኔት ብታስጠጉለት አካሉ አይስብም። እውነተኛ ጥይት ጎርሶ ከተተኮሰ የሚፈነዳው በያዘው ሰው እጅ ውስጥ ነው፣ ዓይንም ጣትም ይወስዳል። አሮጌዎቹም ቢሆኑ አይተኮሱም። በጥቁር ባሩድ ዘመን የተሠራ ከበሮ የዛሬውን ጭስ አልባ ባሩድ ግፊት አይችልም፣ «ጥይቱ ልክ ገባ» ማለት ሽጉጡ ይችለዋል ማለት አይደለም።

«ለአደን» የሚለውማ! የት ልናድንበት ነው? ቦረና ሳይንት ፓርክ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖርበት ጥብቅ ቦታ ነው፤ እዚያ ሽጉጥ ይዞ የተገኘ ሰው አዳኝ አይባልም። ሕጋዊ የስፖርት አደን የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን በሚሰጠው ፈቃድ፣ በተከለሉ ቦታዎች ብቻ ነው። ደላላ ፈቃድ አይሰጥም።

ሕጉንም ልንገራችሁ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን፣ መሸጥንና ማስተላለፍን ይከለክላል። «የአያት ነው» ማለት ፈቃድ አይሆንም። በዚያ ላይ እቃው እውነትም ታሪካዊ ከሆነ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፤ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ለዲያስፖራው ደላላው የሚነግረው ሌላ ነው፦ «ከ1898 በፊት የተሠራ ስለሆነ አንቲክ ነው፣ ነፃ ነው»። ይሄ የአሜሪካ ሕግ ነው፣ እስከ 1898 በፈረንጅ የተሠራን መሣሪያ በልዩ ሁኔታ የሚያይ። ቦሌ ጉምሩክ ላይ አይሠራም። ግማሽ እውነት ስለሆነ ግን የተማረውን ሰው ሁሉ ያታልላል።

አንድ ነገር ደግሞ ሊያሳፍረን ይገባል። በ2014 በነበረው ጦርነት የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። ዛሬ ማታ በደብዛዛ አምፖል ስር የሚታየው አሮጌ መሣሪያ በአጋጣሚ እውነተኛ ቢሆን፣ ከዚያ ቤት የወጣ ላለመሆኑ ማን ዋስ ይሆናል? ሐሰተኛ ከገዛችሁ ገንዘባችሁ ሄደ፣ እውነተኛ ከገዛችሁ የራሳችሁን ከተማ ንብረት ከሌባ ገዛችሁ። በቤታችሁ የቆየ የአባት መሣሪያ ያላችሁ ደግሞ ለደላላ ከማሳየታችሁ በፊት የወረዳችሁን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤትና ፖሊስን ጠይቁ፣ ፎቶውንም ለማንም አትላኩ፤ ያ ፎቶ ነገ ሌላ ሰው ሊጭበረበርበት ይችላል።

ቀብድ የከፈላችሁ ካላችሁ የገንዘብ ዝውውሩን ደረሰኝና የቴሌግራሙን ምልልስ አታጥፉ፣ ጠበቃ አማክራችሁ ሂዱና አመልክቱ። «ፖሊስ ይዞታል፣ ማስለቀቂያ ጨምር» ብሎ የሚደውል ካለ ያው ሰው ነው፣ አንዲት ሳንቲም አትጨምሩ።

የአክስቴ ልጅ ያየው ሽጉጥ ሰሞኑን እንደገና ወጥቷል። ግራ እጀታው ከታች በኩል የተሰነጠቀ ነው፣ በዚያ ታውቁታላችሁ። አሁን የአድዋ መሆኑ ቀርቶ «ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ የታጠቁት» ተብሏል፤ የግዕዙ ቁጥርም ተፍቋል። አንድ ሰው 1917ን አይቶ ሳይጠይቃቸው አልቀረም፣ ታሪኩን ወደዚያ አስጠጉት። የሰገሌ ጦርነት ግን ጥቅምት 17 ቀን 1909 ነው፣ በፈረንጅ 1916።