ከባሕር ዳር ደቅ ደሴት፦ ጀልባዋ ደህና፣ ሸራዋ ግን ጉድ ሠራችን

ባለፈው ቅዳሜ አክስቴን ይዤ ደቅ ደሴት፣ ናርጋ ሥላሴ ሄጄ ነበር። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሯት ገዳም ናት፤ ሴቶችም ይገባሉ። በሞተር ጀልባ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ስለ ገዳሟ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። ዛሬ የማወራው ስለተከራየናት ጀልባ ነው፤ ስሟን አልጠራም።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ስንነሳ ጣና መስታወት ነበር። ወንበሩ ስፖንጅ አለው፣ ሞተሩ በአንድ ጊዜ ይነሳል፣ ከላይ ለፀሐይ ጥላ የሚሆን ሰፊ ሰማያዊ ሸራ ተወጥሯል። አክስቴ «ይቺማ የንጉሥ ጀልባ ናት» ብለው ሳቁ። እኔም በልቤ 5 ከ5 ሰጠኋት።

መመለሻችን ግን 8 ሰዓት ሆነ፤ ጥፋቱ የእኛም ነው። ጣና ከቀትር በኋላ ንፋስ እንደሚነሳበት የባሕር ዳር ልጅ ሆኖ የማያውቅ የለም። ሐይቁ ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው፣ ለዚህም ነው ሞገዱ አጭርና ቶሎ ቶሎ የሚመጣው፣ አንዱን ሳትወጣው ሌላው ይደርስብሃል። ያ ያማረብን ጥላ ጉዱ የወጣው ያኔ ነው። ንፋሱ ከጎን ገብቶ ሸራውን ነፋው፣ ጀልባዋም ጋደል አለች። የአክስቴ የጸበል ሃይላንድ ወለሉ ላይ ወዲያና ወዲህ ይንከባለላል። «ወንድሜ፣ ሸራውን ብናወርደውስ?» አልኩት ካፒቴኑን። ሊፈታው ሞከረ። ሲባጎው ርሶ ቋጠሮው ጠንክሯል፣ በጥርሱም ሞክሮ እምቢ አለው። መጨረሻ ላይ በቢላ በጠሰው። ሸራው እንደተጠቀለለ ጀልባዋ ቀና አለች።

ሸራዋን ንፋስ እየገፋው በምትሄድ ጀልባ ውቅያኖስ የሚያቋርጡ ሰዎችም ንፋስ ሲበረታ ሸራ ይቀንሳሉ፤ ለክፉ ቀን የምትሆን ትንሽ ወፍራም ሸራ ለብቻ ይይዛሉ። ለረጅም መንገድ ባለ ሁለት ምሰሶ ጀልባ የሚመርጡም አሉ፤ ሸራው ስለሚከፋፈል አንዱን አውርደው በሌላው ይሄዳሉ። የእኛዋ በሞተር እየሄደች፣ ሳያስፈልጋት የማይወርድ ሸራ ተሸክማለች! በደንገል ታንኳ የሚቀዝፉት የኛ ዓሣ አጥማጆች እንኳ ከላይ ምንም አይሰቅሉም።

ካፒቴኑን አመሰግናለሁ። ፍጥነት ቀነሰ፣ አፍንጫዋን ለሞገዱ ሰጠ፣ የዘጌን ጥግ ይዞ በሰላም አስገባን። ላይፍ ጃኬቱ ግን ወንበር ስር ታጭቆ ነበር፣ ሦስቱ ደግሞ መቆለፊያ የላቸውም። ይሄን አላልፈውም።

ስትከራዩ ስፖንጁን ተዉትና ቀና ብላችሁ ሸራው በምን እንደታሰረ እዩ። በአንድ እጅ የሚፈታ ካልሆነ ሌላ ጀልባ ፈልጉ። ለባለቤቱም ይህንኑ ነገርኩት። «ቱሪስት ፀሐይ አይወድም» አለኝ።

3 ከ5። አክስቴ ለሚቀጥለው ጉዞ «ሸራው ይቅር፣ ጃንጥላዬን ይዤ እመጣለሁ» ብለዋል። እሱን ደግሞ ማን እንደሚይዝላቸው እንጃ።