ዘጠኝ ወር ከእርጥብ ፓሌት ጋር፦ የዓድዋ ሸማ በ28 ሚሊሜትር ወታደር ላይ

ጥቃቅን የታሪክ ወታደሮችን ለጠረጴዛ ጦርነት ጨዋታ የሚቀባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ነጭን የሚያገኘው በትንሽ በትንሹ ነው። የናፖሊዮን እግረኛ ሰማያዊ ኮት ይለብሳል፤ ነጩ ደረቱን የሚያቋርጠው ቀበቶና ሱሪው ነው። እኔ ግን የመረጥኩት ዓድዋን ነው። ከእግሩ እስከ ዓይኑ 28 ሚሊሜትር የሚሆን የብረት ወታደር፣ ከአንገት እስከ ጉልበት በሸማ የተጠቀለለ፤ ከጎኑ ሌላ እንዲሁ፣ ከኋላውም ሌላ እንዲሁ።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የጣልያኑ ጄኔራል ባራቲዬሪ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ያሰለፈው ጦር ወደ 17,700 ሰውና 56 መድፍ ነበረው። የምኒልክን ሠራዊት ብዙ ጸሐፊዎች 100,000 ገደማ ያደርሱታል። አንዱ ምስል መቶ ሰው ይወክላል ብንል ለጣልያን 177፣ ለእኛ 1,000 ምስል ያስፈልጋል። አንድ ሺህ ሸማ! እስካሁን የጨረስኩት 112 ነው፤ ልጆቼ በጡረታዬ እንደምጨርስ ተስማምተዋል።

በጥቅምት ወር፣ ሃያኛውን ሸማ አበላሽቼ ብሩሹን ከወረወርኩ በኋላ፣ እርጥብ ፓሌት የሚባለውን የቀለም መቀላቀያ ዕቃ በ40 ዶላር ገደማ ገዛሁ። የአምራቹን ስም የማልጠራው ገበያ ላይ ያሉት በአሠራራቸው እምብዛም ስለማይለያዩ ነው፤ የምለው ለሌሎቹም ይሆናል።

ዕቃው ጠፍጣፋ፣ ክዳኑ የሚገጥም የፕላስቲክ ሳጥን ነው። ውስጡ ውሃ የጠጣ ስስ ስፖንጅ አለ፤ በስፖንጁ ላይ ውሃን በጥቂት በጥቂቱ የሚያሳልፍ ወረቀት ይነጠፋል፤ ቀለሙ የሚቀመጠው ወረቀቱ ላይ ነው። አክሪሊክ ቀለም የሚደርቀው ውሃው ሲተን ነው፤ አንዴ ከደረቀ ደግሞ ውሃ መልሶ አያሟሟውም። ይህ ሳጥን የሚተነውን ውሃ ከሥር እየተካ ያንን ቀን ያዘገያል። ሌላ ተአምር የለውም።

መዘግየቱ ግን ቀላል ነገር አይደለም። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። በበረዶው ወራት የቤቱ ማሞቂያ ሲለቀቅ አየሩ ከንፈር ይሰነጥቃል፤ ሸክላ ሰሃን ላይ ያደረግኳት የነጭ ጠብታ ሦስተኛው ወታደር ላይ ሳልደርስ ከዳር ዳሯ ትቋጥራለች። ብሩሹ ያንን ቅርፊት ይዞ ይነሣና ሸማው ላይ እንደ አሸዋ ይረጨዋል። ነጭን ወፍራም አድርጎ መቀባትም አይሆንም፤ የእጥፉን መስመር ይደፍነዋል። ያለው መንገድ ስስ አድርጎ መደጋገም ነው፤ ለመደጋገም ደግሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወታደር ድረስ ያው ሆኖ የሚቆይ ቀለም ያስፈልጋል። በሳጥኑ ማክሰኞ የቀላቀልኩትን ዓርብ ማታም ተጠቅሜበታለሁ።

ያም ሆኖ የመጀመሪያው ወር ሥራዬ ጥሩ አልነበረም። እናቴ በኅዳር ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። አንድ ምሽት ከጎኔ ተቀምጣ አንዱን ወታደር አነሣች፤ በማጉያ መነጽሬ አገላብጣ አየችው።

«ልጄ፣ ይህን ሰው ኖራ ውስጥ ነው የነከርከው?»

«ሸማ እኮ ነው፣ እማዬ።»

ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች። መብራቱ ሥር ዘርግታ ጨበጥ አደረገችውና ለቀቀችው። «እስኪ ነጩን አሳየኝ» አለችኝ። ነጭ የነበረው የእጥፉ ጫፍ ብቻ ነው። ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ ነጠላው የሰርገኛ ጤፍ ዱቄት ይመስላል፤ መካከሉ ማኛ ነው። ስንት ዓመት ነጠላ ሳይ ኖሬ ይህን ልብ አላልኩም ነበር።

ከዚያ ምሽት ወዲህ ፓሌቴ ላይ ሦስት ክምር አይጠፋም። ሰርገኛው ቡናማና ግራጫ በነጭ ተበርዞ የሚገኝ ነው፤ ሸማው በሙሉ መጀመሪያ እሱን ይለብሳል። ማኛው ያው ውሕድ ነጭ በዝቶበት ነው፤ ጥላ የማያርፍበትን ሁሉ ይሸፍናል። ንጹሑ ነጭ የእጥፉን ጀርባ ብቻ ይነካል፤ እንደ ክር ቀጥኖ። በሦስቱ መካከል ያለውን መሸጋገሪያ እዚያው ወረቀቱ ላይ በብሩሽ እያሻሸሁ አገኘዋለሁ። ክምሮቹ ሌሊቱን ሙሉ ስለማይደርቁ ስምንት ወታደር አሰልፌ እንደ ደቦ አጨዳ ከዳር እስከ ዳር እሄድባቸዋለሁ። የጃኖውን ቀይ ጥለት ለባለማዕረጎቹ ብቻ ነው የማወጣው፤ እሱንም ሸማው ካለቀ በኋላ።

አስካሪዎቹ ላይ ደግሞ ሳጥኑ ያላሰብኩትን ጥቅም ሰጠኝ። በጣልያን ሥር የተሰለፉት የኤርትራ አስካሪዎች ነጭ ልብስና ታርቡሽ የሚባል ቀይ ቆብ ነበራቸው፤ ሻለቃን ከሻለቃ የሚለየው የመቀነታቸውና የታርቡሻቸው ዘርፍ ቀለም ነው። የአንዱ ሻለቃ መቀነት በአንዱ ምስል ላይ ደመቅ፣ በሌላው ላይ ፈዘዝ ካለ ጨዋታው ላይ ማን የማን እንደሆነ ይምታታል። በሰሃን ስሠራ በየቀኑ አዲስ ስለምቀላቅል ያው ቀለም ሁለት ጊዜ ገጥሞልኝ አያውቅም። አሁን ሃያ አራቱን በአራት ምሽት ጨርሻቸዋለሁ፤ መቀነታቸው ከአንድ ጣቃ የተቀደደ ይመስላል።

ዓይን መቀባትም ቀለለኝ፤ ነጥቧን ለማሳረፍ ትንፋሼን ይዤ ሳነጣጥር ቀድሞ የብሩሹ ጫፍ ላይ ይደርቅ የነበረው ስስ ቀለም አሁን ትንሽ ይታገሠኛል። የአገራችን ሠዓሊዎች ዓድዋን ሲስሉ ወገንን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ጠላትን በጎን በአንድ ዓይን የማሳየት ልማድ ነበራቸው። እንዴት እንደምቀናባቸው! እኔ ለጣልያኑም ሁለቱንም ዓይን መቀባት አለብኝ፤ ያውም ከፀሐይ ቆቡ ጥላ ሥር።

አሁን ወደ ጉድለቱ። ብረት የሚያስመስሉ ቀለሞችን ይህ ሳጥን ላይ አታድርጉ። ብልጭታውን የሚሰጡት ቅንጣቶች በውሃው እየተንሳፈፉ ወረቀቱን ሁሉ ይዞሩታል። በታኅሣሥ ለውጅግራ አፈሙዝና ለጎራዴ ስለት ያዘጋጀሁት ብርማ ቀለም ሌሊቱን ወደ ማኛው ክምር ተሻግሮ አደረ። ጠዋት ሳላስተውል ቀባሁት። ስድስት የሸዋ እግረኞች ወደ ሰርግ የሚሄዱ መስለው አረፉት፤ ከፀሐይ ፊት ባቆምኳቸው ቁጥር ሸማቸው ያብረቀርቃል። ቀለሙን አልላጥኩላቸውም፤ አሁንም ከኋላ ረድፍ ናቸው። ለብረት አሮጌው ሰሃኔ ተመልሶ ሥራ አግኝቷል። እንደ ውሃ ቀጥነው የእጥፍ ጉድጓድ ውስጥ የሚፈሱትን የጥላ ቀለሞችም እዚያው ሰሃኑ ላይ ነው የማደርጋቸው፤ እርጥቡ ወረቀት ላይ ከተፈቀደላቸው ወንዝ ይሆናሉ።

የውሃው መጠን ሌላ ፈተና ነው። መመሪያው ስፖንጁን አርጥቡት ይላል፤ ምን ያህል እንደሆነ አይልም። በመጀመሪያው ሳምንት ስፖንጁን እስኪዋኝ አጠጣሁት። ቀለሙ እየቀጠነ ሄዶ ሸማው ላይ ሲያርፍ መሐሉ ገላጣ፣ ዳሩ ክብ እድፍ ሆኖ ደረቀ፤ ቡና የፈሰሰበት ወረቀት በሉት። አሁን ስፖንጁን ነክሬ በመዳፌ ጫን እለዋለሁ፤ ወረቀቱ ሲነጠፍበት በሙሉ ጠቆር ብሎ ከተጣበቀና በላዩ ኩሬ ካልታየ ልኩ ነው። በሚያልበው የሜሪላንድ የበጋ ሙቀት ከዚያም ያነሰ ይበቃል።

ሙቀቱ ያመጣው ሌላም ጣጣ አለ። በግንቦት መጨረሻ ከአሥር ቀን በኋላ ክዳኑን ስከፍት ሳይታጠብ የከረመ የዕቃ ጨርቅ ሽታ ወጣ፤ ስፖንጁ ጥግ ላይ ጥቁር ሻጋታ ይዟል። ቀቢዎች የመዳብ ሳንቲም ውሃው ውስጥ አስቀምጡ ይላሉ፤ መዳብ ሻጋታን ይጠላል። እኔም አንድ ፔኒ ጣልኩበት። ለካ የአሜሪካ ፔኒ 95 በመቶ መዳብ የነበረው ከ1982 በፊት የተመታው ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተመታው ዚንክ ሆኖ በመዳብ የተለበጠ ነው። ከልጄ የሳንቲም ጠርሙስ የ1974ቱን ፈልቅቄ አገኘሁ። ሻጋታውን አዘገየው እንጂ አላስቀረውም። የሠራልኝ የእናቴ መንገድ ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ በፈላ ውሃና በሳሙና አጥቦ ፀሐይ ላይ ማስጣት።

ከሳጥኑ ጋር የመጣው ወረቀት በጥር አለቀ። ተተኪው ሃምሳ ሉህ ሲሆን ዋጋው ዓይን ያወጣ ነው። ዳቦ ሲጋገር ከሥር የሚነጠፈውን ወረቀት ቆርጬ ሞከርኩት፤ ከሁለተኛው ቀን በኋላ ትንሽ ይሸበሸባል እንጂ ሥራውን ይሠራል። ሰም የተቀባውን ግን ተዉት፤ ውሃ አያሳልፍም። እንዲያውም ገና ያልገዛችሁ ከሆነ ክዳኑ የሚገጥም የምሳ ዕቃ፣ የወጥ ቤት ስፖንጅና ይህን ወረቀት ይዛችሁ አንድ ወር ሞክሩ። እኔ 40 ዶላሬን ያልተጸጸትኩበት ክዳኑ ጠፍጣፋ ስለሆነና ከመጻሕፍት መካከል መሹለክ ስለሚችል ነው፤ በጠባብ ቤት ይህም ዋጋ አለው።

ክዳኑን ጠርንፎ የሚይዘው የጎማ ላስቲክ ባለፈው ሳምንት ተበጠሰ። አሁን የልጄ የፀጉር ላስቲክ ተተክቷል። ሐምራዊ ነው፤ ከፋብሪካው ይልቅ ያጠብቃል።