ግብጦ እንደ ቢሮ መክሰስ፦ የሁለት ወር ሙከራ ከዳንግላ

ባለፈው ጥቅምት በተደረገልኝ ምርመራ የደሜ ስኳር ከወሰኑ አፋፍ ላይ መድረሱ ተነግሮኝ፣ ክብደቴን ቢያንስ በ8 ኪሎ እንድቀንስ ታዘዝሁ። ምሳና እራቴን ማስተካከል ያን ያህል አላስቸገረኝም፤ ባለቤቴ እንጀራውን ቀንሳ ጎመኑን ጨምራ ጉዳዩን በሁለት ቀን ውስጥ ደነገገችው። ያስቸገረኝ መሥሪያ ቤት ነው። የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ በመሆኔ ቀኑን ሙሉ ከወንበሬ ሳልነሳ እውላለሁ፤ ረፋድ 4 ሰዓት ሲሆንና ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ሲቃረብ እጄ ሳላዝዘው መሳቢያውን ይስባል፤ በመሳቢያውም ውስጥ ከደረሰኝ ጥራዞች ሥር የተከፈተ ብስኩት ጠፍቶ አያውቅም ነበር። ስለዚህ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ገና ድረስ ዳንግላ ላይ በቀላሉ የሚገኙ መክሰሶችን በተራ እየገዛሁ ሞከርኋቸው። ከሁሉም አብልጬ የምጽፈው ግብጦ ስለሚባለው ጥራጥሬ ነው፤ ልጅ ሆኜ በልቼው፣ ደመወዝተኛ ከሆንሁ በኋላ ግን እንደ ድሃ ምግብ ቆጥሬ የተውሁት ነገር ነበርና።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። የፋብሪካ ብስኩት በ100 ግራም ከ450 ካሎሪ በላይ የያዘ የስንዴ ዱቄት፣ የስኳርና የዘይት ድብልቅ ሲሆን፣ በበላሁት በሰዓቱ መልሶ ያስርበኝ ስለነበር በመጀመሪያው ሳምንት አሰናበትሁት። ዳቦ ቆሎም ስሙ ቆሎ ቢሆንም በዘይት የተለወሰ ዱቄት ነው። ሙዝ መልካም ነው፤ ሆኖም ዓርብ ከሰዓት መሳቢያ ውስጥ የረሳሁት አንድ ሙዝ ሰኞ ጠዋት በክፍያ ማዘዣ ወረቀቶች ላይ ፈስሶ ስላገኘሁት፣ ከዚያ በኋላ በዕለቱ ካልተበላ አላመጣውም።

ኦቾሎኒ ክርክር ያስነሳል። ፕሮቲኑ ብዙ፣ ቅባቱም ከብስኩቱ ቅባት የሚሻል ነው፤ ነገር ግን የተቆላው በ100 ግራም ወደ 580 ካሎሪ ይደርሳል። 30 ግራም ያህል፣ ማለትም አንድ ትንሽ እፍኝ፣ በልቶ ማቆም ለሚችል ሰው የሚመሰገን መክሰስ ነው፤ እኔ ግን ወሬ ከተጀመረ እፍኙ ሦስት ይሆንብኛል፤ ሦስት እፍኝ ደግሞ የአንድ ምሳ ያህል ነው።

የገብስ ቆሎ ሁለተኛ ደረጃ የሰጠሁት ነው። በተለይም ቅርፊቱ በቀላሉ ስለሚለቅ «ሰነፍ ቆሎ» ከሚባለው የገብስ ዓይነት የተቆላው፣ ሳይፈተግ በራሱ የጸዳ፣ ጥርስ ላይ የሚንኮሻኮሽ፣ ለወራት ቢቀመጥ የማይበላሽ ነው። ጉድለቱ ከገብሱ ሳይሆን ከባህላችን የመጣ ነው፤ ቆሎ ይዞ ብቻውን የሚበላ ሰው እኛ ዘንድ ስሙ አያምርም። ጣሳውን ጠረጴዛ ላይ ባወጣሁ ቁጥር አራት እጅ ይገባበታል፣ እኔም ምን ያህል እንደበላሁ ሳላውቀው ጣሳው ባዶ ይሆናል። በስብሰባ ላይም ድምፁ ሰውን ያሳጣል።

ወደ ግብጦ ልመለስ። ግብጦ በጎጃም፣ በተለይም በምዕራብ ጎጃምና በአዊ፣ ለሌላ ሰብል የደከመ መሬት ላይ ሳይቀር የሚበቅል፣ መሬቱንም መልሶ የሚያበረታ ጥራጥሬ ነው። ፍሬው ነጣ ያለ፣ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ጠፍጣፋ፣ መሐሉ ጎድጎድ ያለ ነው። ደረቁ ፍሬ ከ100 ግራም ውስጥ ወደ 36 ግራም ፕሮቲን አለው፤ ይህም ከሽምብራ እጥፍ ሊሆን ምንም ያህል አይቀረውም። ለአመጋገባችን የሚጠቅመው ግን የበሰለው ሒሳብ ነው፤ በስሎና ተነክሮ ውኃ ከጠጣ በኋላ በ100 ግራም ወደ 120 ካሎሪ ብቻ ይይዛል፤ ፕሮቲኑ ደግሞ ያኔም ወደ 16 ግራም ይሆናል። በአጭሩ፣ ያን ኦቾሎኒ በበላሁበት ካሎሪ ግብጦን በግራም አምስት እጥፍ ያህል እበላለሁ ማለት ነው።

ችግሩ ምሬቱ ነው። ግብጦ በተፈጥሮው አልካሎይድ የሚባሉ መራራ ንጥረ ነገሮች ስላሉት እንደ ሽምብራ ቆልቶ ወዲያው መብላት አይቻልም። እኔ የምገዛቸው እናት ከገበያው መግቢያ፣ ከሽንኩርት ሻጮቹ ቀጥሎ ይቀመጣሉ፤ በሰማያዊ የፕላስቲክ ባልዲ ውኃ ውስጥ ያለውን ግብጦ በወንፊት እያወጡ በቡና ሲኒ ይሰፍራሉ። አሠራሩን ስጠይቃቸው በመጀመሪያ በምጣድ እንደሚቆሉት፣ ከዚያም በጆንያ አስረው ወራጅ ውኃ ውስጥ አምስት ቀን እንደሚያሳድሩት፣ በየመሐሉ እየሄዱ እንደሚያሹት ነገሩኝ። «እትዬ፣ መውጣቱን በምን ያውቃሉ?» ብላቸው፣ አንዷን ፍሬ ከባልዲው አውጥተው ልጣጩን በሁለት ጣታቸው ጨምቀው አፈተለኳትና፣ «እንካ ልጄ፤ ይኸን ምላስህ ካልተቀበለው ገና ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ፍሬ ሳልቀምስ ገዝቼ አላውቅም።

ቀምሶ መግዛትን የተማርሁት ግን ቀደም ብሎ፣ በኪሳራ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ቸኩዬ ከሌላ ቦታ የገዛሁት ግብጦ ትንሽ ይመር ነበር፤ ጨው ያጠፋዋል ብዬ ግማሽ ሲኒ በላሁ። አፌ ደረቀ፣ ራሴን እያዞረኝ እስከ ማታ ቁጥር መደመር አቃተኝ። የሚመር ግብጦ ጣዕሙ ብቻ ሳይሆን ራሱ አልካሎይዱ ሰውነትን እንደሚጎዳ ያን ቀን በራሴ ላይ አየሁት፤ ስለዚህ ትንሽም ቢመር መትፋት እንጂ መታገሥ አያስፈልግም። ኦቾሎኒ አለርጂ የሆነበት ሰውም ግብጦ ተመሳሳይ ጉዳት ሊያስከትልበት ስለሚችል ሐኪም ሳያማክር ባይሞክረው ይሻላል።

በደንብ የታጠበው ግብጦ ጣዕሙ ከተቀቀለ ባቄላ ጋር ይቀራረባል፤ ጠንከር ይላል፣ ዱቄትነቱ ያንሳል፣ ጨውና ጥቂት ሚጥሚጣ ሲነካው ደግሞ ይበልጥ ይወደዳል። እኔን ያሸነፈኝ ግን ጣዕሙ ሳይሆን ልጣጩ ነው። እያንዳንዷን ፍሬ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጨምቆ ማውጣት ስለሚያስፈልግ እንደ ቆሎ ተቃምቶ አያልቅም፤ አንድ ሲኒ ለመጨረስ ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጅብኛል፤ ሲኒው ሲያልቅም ልጣጩ ጠረጴዛው ላይ ተቆልሎ የበላሁትን መጠን ያሳየኛል። ጣትም ስለሚረጥብ ከደረሰኝ ጋር አብሮ አይሄድም፤ ሥራ ማቆም ያስገድዳል። የመክሰስ ችግሬ ረሃብ ብቻ ሳይሆን እጅ ሥራ ሲፈታ መሆኑን የተረዳሁት በዚህ ነው።

ለመሳቢያ አመቺ ነው ግን አልልም። ውኃውን ጠዋት ጠዋት ካልቀየሩለት በሁለተኛው ቀን ይሸታል፤ ከውኃው ከወጣ ደግሞ በዚያው ቀን ይሟልጫል። እኔ ክዳኑ በሚጠብቅ የማር ብልቃጥ አድርጌ የሁለት ቀን ብቻ እይዛለሁ፤ በሦስተኛው ቀን አዲስ እገዛለሁ። መሥሪያ ቤት ውስጥ ማቀዝቀዣ ላለው ሰው ነገሩ ይቀልለታል። ባልደረቦቼ ብልቃጡን ባዩ ቁጥር «አረቄው መቼ ይወጣል?» እያሉ ያሾፋሉ፤ በአገራችን ግብጦ ለአረቄም እንደሚውል የማያውቅ የለምና አልፈርድባቸውም። ከቆሎው ጋር ሳነጻጽረው አንድ የማይናቅ ጥቅምም አግኝቼበታለሁ፦ ብልቃጡ ውስጥ እጁን የሚያስገባ የለም።

ጾም ሲገባ ደግሞ ልዩነቱ ጎላ። እስከ ኅዳር አጋማሽ ድረስ ከቤት የተቀቀለ እንቁላል አመጣ ነበር፤ አንዱ ወደ 6 ግራም ፕሮቲን የሚሰጥ፣ ሆድ የሚይዝ፣ ካሎሪውም ከ80 የማይበልጥ በመሆኑ እስካሁንም በፍስክ የማወዳድረው የለኝም። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ እንቁላልና እርጎ ሲቀሩ፣ ብዙዎቻችን ከ9 ሰዓት በኋላ የምንጎርሰው ዳቦና ሻይ ብቻ ስለነበር በቀደሙት ዓመታት በጾም ክብደቴ ሲጨምር እንጂ ሲቀንስ አላየሁም። ዘንድሮ ከ9 ሰዓት በኋላ ምሳዬን አሳንሼ በልቼ 10 ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ሲኒ ግብጦ ስጨምርበት እስከ እራት ደረስሁ። በሁለቱ ወራት 3 ኪሎ ተኩል ቀንሻለሁ፤ እንጀራውም ስለቀነሰ ምስጋናውን ሁሉ ለግብጦ መስጠት አልችልም።

ዋጋው ከብስኩቱ ይረክሳል፤ በ20 ብር ሦስት ሙሉ ሲኒ ይሰፈርልኛል፣ እትዬም ምራቂ አይነሱኝም። መግዛት የሚፈልግ ሰው በገበያ ቀን ጠዋት ቢሄድ ይመረጣል፤ ከቀትር በኋላ የባልዲው ውኃ ይደፈርሳል፣ የተረፈውም የተላጠና የተሰበረው ነው። ብልቃጥ ይዞ መሄድ አይርሳ፤ በፌስታል የተቋጠረው ቢሮ እስኪደርሱ ያፈስሳል።