ጎረቤት የማያየው፣ ፀሐይ ግን የሚገባበት ቤት

አዲሱ ቤት ከገባን አንድ ዓመት ሞላን። ስለ ዲዛይን ሥራው እስካሁን ያልጻፍኩት ክረምቱን እየጠበቅኩ ነው። ጅማ ላይ የተሠራ ቤት ክረምት ሳያልፍበት ጥሩ ነው መጥፎ ነው አይባልማ።

ቦታችን 200 ካሬ ነው። ፊቱ መንገድ፣ ጀርባው የጎረቤት ማድቤት፣ በምዕራብ በኩል ደግሞ ባለ ሁለት ፎቅ ተነሥቷል። በረንዳው ላይ የቆመ ሰው ግቢያችንን ቁልጭ አድርጎ ያያል። እኔ የፈለግኩት ቀን ቀን አምፖል የማይበራበት ቤት ነው፤ ደግሞም ባለቤቴ ፀጉሯን ፈትታ የምትቀመጥበት፣ ልጆቹም እንደ ልባቸው የሚሯሯጡበት፣ ከላይ ማንም የማያየው ቦታ። ሁለቱ አብረው አይሄዱም ያለኝ ሰው ብዙ ነው። በሰፈራችን በቅርቡ የተሠሩትን ብታዩ እውነት ይመስላል፤ ፊታቸው ሙሉ መስታወት ነው፣ ከመስታወቱ ኋላ ወፍራም መጋረጃ፣ ሳሎኑ ውስጥ በቀትር መብራት።

እዚሁ ከተማ ያለ አንድ አነስተኛ የዲዛይን ቢሮ ሰው ጠቆመኝ። ስንት መኝታ ነው የምትፈልገው ብሎ የሚጀምር መስሎኝ ነበር። አርክቴክቱ ግን መጀመሪያ የጠየቀኝ ጠዋት ጠዋት የት ቁጭ ብለን ቡና እንደምንጠጣ ነው። ከዚያ ቦታው ላይ ጠዋት 2 ሰዓት መጣ፣ 6 ሰዓት መጣ፣ 10 ሰዓት ላይ ደግሞ ተመልሶ መጣ። መሬቱ ላይ አንድ ዘንግ ተክሎ ጥላው በወደቀበት ሁሉ በኖራ እያሰመረ ሄደ። ያ ቀይ አፈር ላይ የተሰመረው ነጭ መስመር እስከ መሠረት ቁፋሮው ድረስ አልጠፋም ነበር።

ያስረዳኝ ነገር ቀላል ነው፣ ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ጅማ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች የቀትር ፀሐይ በሰኔ ትንሽ ወደ ሰሜን፣ በታኅሣሥ ደግሞ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። በሁለቱም ጊዜ ከፍ ብላ ነው የምታልፈው። ስለዚህ በሰሜንና በደቡብ በኩል ሰፋ ያለ ታዛ ካለ መስኮቱ ብርሃን ያገኛል፣ ሙቀቱ ግን አይገባም። የሚያስቸግረው የምዕራቡ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስለምትመጣ ታዛ አያቆማትም። የኛ ፎቅ ጎረቤት ያለውም በዚያው በኩል ነው። እናም በምዕራቡ ግድግዳ ላይ ከወለል እስከ 1 ሜትር ከ80 ምንም መስኮት የለም። ከዚያ በላይ እስከ ኮርኒሱ ድረስ ብቻ ቀጭን መስኮት ተዘረጋ። ሰማይ ይታያል፣ ሰው አይታይም።

የቤቱ ልብ ግን መሃል ላይ ያለው ግቢ ነው፤ 3 በ4 ሜትር። ሳሎኑ፣ ማድቤቱና የልጆቹ ክፍል ወደሱ ይከፈታሉ። ጎረቤት ከፎቁ አያየውም ወይ ብዬ ስጠይቀው ቤቱን ከጎን እንደተቆረጠ አድርጎ ሣለልኝ። በረንዳው ላይ አንድ ሰው አቆመ፣ ከሰውዬው ዓይን ተነሥቶ በጣሪያችን ጫፍ ላይ የሚያልፍ መስመር በማስመሪያ አሰመረ። መስመሩ ያረፈው ከግቢው ማዶ ያለው ግድግዳ ላይ፣ ከራሳችን በላይ ነው። ለዚህ ብሎ የምዕራቡን ጣሪያ ጫፍ ከፍ አድርጎታል። ቤቱ ካለቀ በኋላ ጎረቤቴን አስፈቅጄ በረንዳቸው ላይ ወጥቼ አየሁት። ልክ ነበር። ግድግዳችንና የቡና ዛፋችን ጫፍ ብቻ ነው የሚታየው።

እናቴ ፕላኑን ስታይ ተቆጣች። «ልጄ፣ ውስጥ ውስጡን ገብተው ሊቀመጡ ነው? ጎረቤት ቡና ጠጡ ብሎ ሲጣራ በየት በኩል ይሰማሉ?» አለችው። እሱም «እውነትዎን ነው እማማ» ብሎ ወረቀቱን ይዞ ሄደ። በሳምንቱ በመንገዱ በኩል አራት በርጩማ የሚይዝ በረንዳ ጨምሮ መጣ። በረንዳ እዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም፤ ጅሬን ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያየ ሰው ያውቀዋል። ዛሬ እናቴ ረከቦቷን የምትዘረጋው እዚያ ነው።

አሁን ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ እስከ 11 ሰዓት ተኩል ያለ አምፖል የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ሰማዩ ጠቁሮ በሚውልበት በሰኔም ጭምር። ቀን መብራት ቢጠፋ የምናውቀው ፍሪጁ ዝም ሲል ነው። የግቢው ግድግዳ ነጭ መቀባቱ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ቅሬታዬ ከባድ ነው፣ ስለዚህ በግልጽ ልጻፈው። የግቢው የውኃ መውረጃ ስፋቱ 50 ሚሊ ሜትር በሆነ የፒቪሲ (የፕላስቲክ) ቱቦ ነበር የተሠራው። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ይህ ማለት 12 ካሬ ሜትር ግቢ ላይ ብቻ 18 ሺህ ሊትር ነው፣ የጣሪያው ግማሽ ወደ ውስጥ የሚያፈሰው ሳይቆጠር። ሐምሌ ላይ አንድ ሌሊት ቅጠል ቱቦውን ደፈነውና ውኃው ሳሎን ገባ። ሌሊቱን በባልዲ ስንቀዳ አደርን። በማግስቱ ለአርክቴክቱ ስደውልለት መጣ፣ ስህተቱ የሱ መሆኑንም አመነ። ሴራሚክ አስፈርሼ ቱቦውን የቀየርኩት ግን በራሴ ገንዘብ ነው። ይህ ትክክል አይደለም፤ ለራሱም ነግሬዋለሁ። ፕላኑም ከተባለበት ቀን አምስት ሳምንት ዘግይቶ ነው የደረሰኝ።

ያም ሆኖ ሌላ ቤት ብሠራ ወደሱ ነው የምመለሰው። ለዲዛይኑ የከፈልኩት ለሶፋ ካወጣሁት ብዙም አይበልጥም፣ ሶፋውን ደግሞ መቀየር ይቻላል። እናንተም የውስጥ ግቢ ያለው ቤት የምታሠሩ ከሆነ ከመፈረማችሁ በፊት የመውረጃው ስፋት ፕላኑ ላይ በቁጥር መጻፉን እዩ፣ ትርፍ መውረጃም አስጨምሩ። የኛ አሁን ሁለት ባለ 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ አለው። ባለፈው ሳምንት ሌሊቱን ሙሉ ሲጥል አደረና ጠዋት ስወጣ የበሩ ደፍ ደረቅ ነበር።