ከደብረ ብርሃን ፎቶ ቤት ወደ አዲስ አበባ ማተሚያ፦ የኤስኤስኤች መሣሪያዎች ሲመዘኑ

በደብረ ብርሃን የማውቃቸው ፎቶ ቤቶች የሠርግ አልበም የሚያሳትሙት አዲስ አበባ ነው። በጥርና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ሥራ ሲደራረብ፣ ፎቶውን በፍላሽ ጭኖ ለሚኒባስ ሹፌር አደራ መስጠት የቆየ ልማድ ነው፤ አሁን አሁን ግን ማተሚያ ቤቶቹ የራሳቸውን ሰርቨር ከፍተው «በኔትወርክ ላኩልን» ማለት ጀምረዋል። የእነዚህን ፎቶ ቤቶች ኮምፒውተርና ኔትወርክ የማየው እኔ ስለሆንኩ፣ ለዚህ ሥራ የሚያገለግሉትን በኤስኤስኤች (ሁለት ኮምፒውተሮችን አመስጥሮ በሚያገናኝ ስልት) ላይ የተመሠረቱ ነፃ መሣሪያዎች እዚህ እመዝናለሁ። የምመዝናቸው በፍጥነታቸው ሳይሆን መስመር ሲቋረጥ በሚያሳዩት ጠባይ ነው፤ በአካባቢያችን መብራት ሳይጠፋ ወይም ኔትወርክ ሳይቆራረጥ ተልኮ የሚያልቅ ትልቅ ፋይል ጥቂት ነውና።

በቅድሚያ ስሌቱን ማስቀመጥ ይገባል። በሴኮንድ 5 ሜጋቢት መላክ በሚችል መስመር 1 ጊጋባይት ለመላክ 27 ደቂቃ ገደማ ያስፈልጋል። ለአልበም ተመርጠው የተስተካከሉ ፎቶዎች 3 ጊጋባይት ቢመዝኑ ከአንድ ሰዓት ተኩል ባልበለጠ ጊዜ ይደርሳሉ፤ 64 ጊጋባይት የሆነ ጥሬ ቪዲዮ ግን መስመሩ ለአፍታ እንኳ ሳይቋረጥ ከ28 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለምትርቅ፣ ጥሬ ቪዲዮን በሃርድ ዲስክ አሽጎ በሚኒባስ መላክ ዛሬም ይሻላል፤ ይህን ሳይነግር ሰርቨር የሚያከራይ ባለሙያ ለደንበኛው ገንዘብ አላዘነም።

አንዳንድ ማተሚያ ቤቶች አሁንም የሚሰጡት ኤፍቲፒ የተባለውን የቆየ የፋይል መላኪያ ስልት ነው። የኤፍቲፒ የመጀመሪያ ረቂቅ የወጣው በ1971፣ እስካሁን የሚሠራበት መሠረታዊ ደንብ የተጻፈው ደግሞ በ1985 ሲሆን (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ የተጠቃሚውን ስምና የይለፍ ቃል ሳያመሰጥር በግልጽ ይልካል። ከዚህም ሌላ ዊንዶውስ ላይ ያለው የኤፍቲፒ ትእዛዝ ካልተነገረው በቀር ፋይሉን ሁሉ እንደ ጽሑፍ ቆጥሮ ይልካል፤ የመስመር መጨረሻ ምልክቶችን ስለሚለውጥም ፎቶው ደረሰ ይባልና ሲከፈት ቀለሙ ተምታቶ ወይም ጨርሶ አልከፈት ብሎ ይገኛል። ክሮምና ፋየርፎክስ በ2021 ድጋፋቸውን ያነሱለት አገልግሎት ስለሆነ፣ ኤፍቲፒ ብቻ የሚሰጥ ማተሚያ ቤት ሲያጋጥም በኤስኤስኤች በኩል ፋይል የሚያመላልሰውን ኤስኤፍቲፒ እንዲከፍት መጠየቅ ተገቢ ነው። ከሩቅ ለመግባት ያገለግል የነበረው ቴልኔትም ያው ችግር ስላለበት ስለ እርሱ ብዙ መናገር አያስፈልግም።

ኤስኤስኤች በ1995 የተጻፈው ይህንኑ ቀዳዳ ለመድፈን ነው። ታቱ ኢሎነን የተባለው ፊንላንዳዊ የጻፈው በሄልሲንኪ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ የይለፍ ቃል የሚለቅም ፕሮግራም ከተገኘ በኋላ ሲሆን፣ በኤፍቲፒ 21 እና በቴልኔት 23 መካከል የነበረውን የ22 ቁጥር የኔትወርክ በር አስመድቦለታል። ዛሬ በብዛት የምንጠቀምበት ኦፕን ኤስኤስኤች በ1999 ኦፕን ቢኤስዲ በተባለው ስርዓተ ክወና አዘጋጆች የወጣ ነፃ ሥራ ነው፤ ከ2018 ጀምሮም ከዊንዶውስ 10 ጋር አብሮ ስለሚመጣ፣ ቀድሞ ፑቲ የተባለውን ፕሮግራም ማውረድ ግድ የነበረበት ሰው አሁን ያለ ምንም ጭነት ከቴርሚናሉ (ትእዛዝ በጽሑፍ ከሚሰጥበት መስኮት) መግባት ይችላል።

በዚህ መሣሪያ ላይ የማነሣው ቅሬታ ጥንቃቄው ለተራ ተጠቃሚ በሚገባ ቋንቋ አለመቅረቡ ነው። ከአንድ ሰርቨር ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገናኙ 43 ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት፣ «የጣት አሻራ» የሚባል የሰርቨሩን መለያ አሳይቶ «ልቀጥል ወይ?» ይላል፤ ፎቶ ቤት ውስጥ ያለ ሠራተኛ ደግሞ፣ ደንበኛ ፊቱ ቆሞ ሳለ፣ ሳያነብ «የስ» ብሎ ያልፋል። መፍትሔው የማተሚያ ቤቱ ባለሙያ አሻራውን በቴሌግራም አስቀድሞ እንዲልክና ሠራተኛው ሁለቱን እንዲያስተያይ ማድረግ ነው። አንድ ጊዜ ከተመዘገበ በኋላ አሻራው ተለውጧል የሚል ማስጠንቀቂያ ከመጣ ግን፣ ማተሚያ ቤቱ ሰርቨር ቀይሮ እንደሆነ ደውሎ ሳያረጋግጡ መቀጠል አይገባም።

ለፎቶ ቤት ሠራተኛ ያለ ማመንታት የምመርጠው ዊን ኤስሲፒን ነው። ሲከፈት ለሁለት የተከፈለ መስኮት ያሳያል፤ በግራ የራስ ኮምፒውተር፣ በቀኝ ሰርቨሩ ይታያል፤ ፎልደሩን ይዞ ከግራ ወደ ቀኝ መጎተት ብቻ ይበቃል። ዋናው ብልጫው ከ100 ኪሎባይት በላይ የሆነን ፋይል ሲልክ፣ ሰርቨሩ ላይ በመጀመሪያ «ፋይልፓርት» በሚል ቅጥያ ማስቀመጡና ሙሉ ሆኖ ሲያበቃ ብቻ ትክክለኛውን ስም መስጠቱ ነው። መስመር ሲቋረጥ ራሱ መልሶ ለመገናኘት ይሞክራል፤ ከተገናኘም በዚህ ምክንያት ካቆመበት ይቀጥላል። ማተሚያ ቤቱም ቅጥያውን አይቶ ያልተሟላውን ፎቶ ከተሟላው ስለሚለይ፣ ግማሹ የጎደለ ፎቶ ወደ ማተሚያ ማሽን አይገባም። ደካማ ጎኑ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎች ሲሰጡት መንቀርፈፉ ነው፤ ለመምረጫ የሚላኩትን ትንንሽ ፎቶዎች አስቀድሞ በዚፕ አንድ አድርጎ መላክ ይህን ያቃልላል።

ከቴርሚናል ለሚሠራ ሰው ቀላሉ ኤስሲፒ የተባለው የፋይል መቅጃ ትእዛዝ ነው፤ ነገር ግን 90 በመቶ ደርሶ መስመር ቢቋረጥ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ ለአንድ ደብዳቤ ወይም ለአንድ ደረሰኝ እንጂ ለአልበም አልመክረውም። ካቆመበት መቀጠል የሚፈልግ ሰው በኤስኤፍቲፒ ውስጥ «ሪፑት» የሚለውን ትእዛዝ ያገኛል።

አርሲንክ ግን ከሁሉም ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አንድሩ ትሪጅልና ፖል ማኬራስ በ1996 ያወጡት ይህ ፕሮግራም በሁለቱ ወገን ያለውን አመሳክሮ የጎደለውን ብቻ ይልካል። ፎቶ ቤቱ 400 ፎቶ ልኮ፣ ሙሽሮቹ «የቆዳ ቀለማችን ጠቆረ» ብለው 12ቱ እንደገና ቢስተካከሉ፣ ያንኑ ትእዛዝ ደግሞ ማስኬድ 12ቱን ብቻ ያደርሳል። ሆኖም አንድ ሊታወቅ የሚገባ ጠባይ አለው፤ «ፓርሻል» የሚለው አማራጭ ካልተጨመረለት፣ መስመር ሲቋረጥ በመላክ ላይ የነበረውን ፋይል ግማሹን ጠርጎ ያጠፋዋል። ለትንንሽ ፎቶዎች ይህ ብዙ አይጎዳም፤ ለ4 ጊጋባይት ቪዲዮ ግን የሌሊቱን ልፋት ሁሉ ከንቱ ያደርጋል። «ዜድ» የሚለው የማጨቂያ አማራጭ በበኩሉ ለጄፔግ ፎቶና ለቪዲዮ አይጠቅምም፤ አስቀድመው የታጨቁ ናቸውና። ፍጥነት የሚገድበው አማራጭ ግን ቀን ቀን እጅግ ይጠቅማል፤ አልበሙ እየተላከ ባለቤቱ በቴሌግራም ደንበኛ ማነጋገር ይችላል። አርሲንክ ዊንዶውስ ላይ በቀጥታ አለመኖሩና በዊንዶውስ ውስጥ የሊኑክስን ፕሮግራሞች የሚያስኬድ ንዑስ ሥርዓት መጫን መጠየቁ ለብዙ ፎቶ ቤት እንቅፋት ነው። በእኔ በኩል አንድ ሰው ካላገዛቸው በቀር በዊን ኤስሲፒ እንዲቆዩ እመክራለሁ።

ከፋይል ስም ጋር የተያያዘ፣ በማንም መመሪያ ላይ ያላየሁት ጉዳይም አለ። የአማርኛ ፊደል እያንዳንዱ 3 ባይት ይይዛል፤ የሊኑክስ ሰርቨሮች በአብዛኛው የሚቀበሉት የፋይል ስም ደግሞ እስከ 255 ባይት ነው። ስለዚህ ከ85 ፊደል ያለፈ የአማርኛ ስም፣ ዊንዶውስ ላይ ያለ ችግር የተቀመጠ ቢሆንም፣ ሰርቨሩ አይቀበለውም። የሙሽራውን፣ የሙሽሪትን፣ የሁለቱን አባቶች፣ የቤተ ክርስቲያኑንና የቀኑን ስም አንድ ላይ በፋይል ላይ የሚጽፍ ፎቶ ቤት አውቃለሁ፤ መልእክቱ «አልተሳካም» ሲል ጥፋቱን ኔትወርኩ ላይ ያሳብባሉ። ዝርዝሩን በፎልደር በፎልደር ከፋፍሎ ለፋይሉ ቁጥር ብቻ መስጠት ይበቃል።

ከሩቅ መግባትን በተመለከተ፣ የኤስኤስኤች ቴርሚናል የሚያመላልሰው ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ስክሪን ከሚያጋሩ ፕሮግራሞች ጋር ሲነጻጸር የዳታ ጥቅል አይበላም። መስመር ሲቋረጥ የተጀመረው ሥራ አብሮ እንዳይሞት ቲመክስ የተባለውን ፕሮግራም ሰርቨሩ ላይ ከፍቶ በውስጡ መሥራት ያስፈልጋል፤ በኋላ ተመልሶ ሲገቡ ሥራው እንደቀጠለ ይገኛል። በ2012 የወጣው ሞሽ የተባለ ከሩቅ መግቢያ ፕሮግራም ደግሞ መንገድ ላይ ለሚሠራ ሰው የተሠራ ይመስላል። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ሲወርዱ ጣርማበር ዋሻ ውስጥ ሲግናሉ ቢጠፋ፣ ከወዲያ ሲወጡ ግንኙነቱ እንደገና ስም ሳይጠይቅ ከነበረበት ይቀጥላል። ፋይል አይልክም፣ ወደ ላይ ያለፈውንም ጽሑፍ መልሶ አያሳይም፤ ከ60000 እስከ 61000 ያሉት የዩዲፒ (ሞሽ የሚጠቀምበት የኔትወርክ ስልት) በሮችም ሰርቨሩ ላይ መከፈት አለባቸው።

ወደ ራሱ ወደ ፎቶ ቤቱ ኮምፒውተር ከውጭ መግባት ግን ሌላ ነገር ነው። በሞባይል ዳታ የተገናኘ ኮምፒውተር አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ይፋዊ አድራሻ ስለሌለው ከውጭ ማንኳኳት አይቻልም። መውጫው ኮምፒውተሩ ራሱ ወደ አንድ የተከራየ ሰርቨር ኤስኤስኤች ከፍቶ የተገላቢጦሽ መተላለፊያ (ከውጭ ያለው ሰው በዚያ ሰርቨር በኩል ተመልሶ የሚገባበትን) እንዲዘረጋ ማድረግ ነው፤ ኦፕን ኤስኤስኤች ይህን ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም ይሠራዋል። ያን ሰርቨር የሚከራይ ሰው በይለፍ ቃል መግባትን ዘግቶ በቁልፍ (በባለቤቱ ኮምፒውተር ላይ በሚቀመጥ የምስጢር ፋይል) ብቻ ማስገባት ይኖርበታል፤ 22 ቁጥር ክፍት ሆኖ የተተወ ሰርቨር ላይ ከዓለም ዙሪያ የይለፍ ቃል ግምት መዝነብ ወዲያው ይጀምራልና። ለማተሚያ ቤት ደንበኞች የሚሰጠውም መግቢያ ኤስኤፍቲፒ ብቻ የሚፈቅድና በየራሳቸው ፎልደር የተከለለ መሆን አለበት። የተከለለው ዋና ፎልደር ባለቤት የሰርቨሩ አስተዳዳሪ መሆን ስላለበት፣ ደንበኛው የሚጽፍበት ሌላ ፎልደር በውስጡ ሊከፈትለት ይገባል፤ ይህ ካልተደረገ ኦፕን ኤስኤስኤች ደንበኛውን ጨርሶ አያስገባም፣ ምክንያቱንም ለሰርቨሩ መዝገብ እንጂ ለደንበኛው አይነግርም።